ሚኒሞዋ 1,700 ላይ ተተክላ ቀረች፤ መላ በሉኝ

ማዶ ነኝ (ሱሉልታ) — ማክሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ ፒያሳ። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። 1.6፣ 4ኤ ሞተር፣ ማንዋል፣ ኮድ 2። ከአጎቴ ከገዛኋት ስምንት ወሯ ነው።

ችግሯ ሚኒሞ ነው፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር። ጠዋት ሳስነሳት 1,500 ላይ ትቆማለች። እሱ ይሁን፣ የሱሉልታ ብርድ ነው። ግን ሃያ ደቂቃ ነድቼም አትወርድም። እንጦጦን ወጥቼ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ አዲሱ ገበያ ጋ ስቆም 1,700 ላይ ትጮሃለች። አጠገቤ ያለው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ልሽቀዳደመው የተዘጋጀሁ ይመስለዋል።

የሚገርመው ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ከቆምኩ ራሷ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ማታ ስመለስ ሜዳው ላይ ትንሽ ነዳ ነዳ ሳደርጋት እንደገና ትጮሃለች።

ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ካቻቢቴ ይዞ መጣ፣ አንድ ብሎን አጠበቀ፣ 900 ላይ አወረደልኝ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ። በማግስቱ መጨናነቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀጥ አለችብኝ። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ጡሩምባ ያወረደብኝ ውርጅብኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ተመልሼ ብሎኑን አስላላሁት። አሁን ደግሞ «ኮምፒውተሯ ነው፣ ሶማሌ ተራ ሄደሽ ፈልጊ» ይለኛል።

ከኮምፒውተር በፊት የሚታይ ነገር ካለ ንገሩኝ። ነዳጅም በጣም ትጠጣለች። በሙቀት በኩል ግን ምንም የለባትም፣ ተመስገን። እንጦጦን ስወጣ እንኳ የሙቀት ቀስቷ ከታች ንቅንቅ አትልም።

ፈጣኑ — ማክሰኞ ማታ 3፡41

ወንድሜ ይሄ የከፍታ ጉዳይ ነው። ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ እንደ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ልመደው።

ቴስተር (ቱሉ ዲምቱ) — ማክሰኞ ማታ 3፡55

@ፈጣኑ «ሄደሽ ፈልጊ» የሚለውን ዘለልከው እንዴ? እህትህ ናት።

የከፍታው ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሞተር እግር ሳይነካው የሚዞረው በሚያገኘው አየር ልክ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም። ኮምፒውተሩም ከፍታውን አይቶ ያስተካክላል። አንተ እንደምትለው ቢሆን ሱሉልታ ያለ መኪና ሁሉ ሌሊቱን ሲጮህ ባደረ ነበር።

ሚኒሞ ከፍ አለ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ሊያገኝ ከሚገባው በላይ አየር እያገኘ ነው፣ ነዳጁም ተከትሎት እየገባ ነው። ጥያቄው አየሩ በየት በኩል ገባ ነው። ወይ የነዳጅ ካቦው (ከነዳጅ መስጫው የሚመጣው ገመድ) ተወጥሮ የአየር መግቢያው ክዳን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ወይ አንድ የቫኪዩም ጎማ ተሰንጥቋል። ወይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ አውቆ እያስገባ ነው። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው።

ኤሌክትሪክ ብቻ — ማክሰኞ ማታ 4፡02

ሽጠሽ ኤሌክትሪክ ግዢ። ሚኒሞ የሚባል ነገር የለውም 😂

ማዶ ነኝ — ማክሰኞ ማታ 4፡06

@ኤሌክትሪክ ብቻ ብሩን ላክልኝና ነገ እገዛለሁ። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይቺ አሮጊት ከገዛኋት በላይ ታወጣለች እያሉኝ ነው። ጩኸቷን ሳይሰሙ ማለት ነው።

የለገጣፎ ቪትዝ — ረቡዕ ጠዋት 1፡15

እኔም ጋ ተመሳሳይ ነበር። ትሮትል ቦዲውን (የአየር ክዳኑ ያለበትን ቤት) አስጸዳሁ፣ ባሰበት። ሁለት ቀን 1,400 ላይ ጮኸች። ኋላ ስጠይቅ፣ የኔ ካቦ የሌላት፣ ክዳኗን በሞተር የምትከፍት ናት። ኮምፒውተሩ ቆሻሻውን ለምዶ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጎ ነበር የሚይዘው። ቆሻሻው ሲነሳ አየሩ በዛ። የተማረውን እስኪረሳ ነው የጮኸችው። ባትሪ ነቅለው መልሰው አስተማሯት፣ ተስተካከለች። ያንቺ ግን ካቦ ያላት ስለሆነች ይሄ አይመለከትሽም መሰለኝ።

ጋሼ ካቻቢቴ (ቃሊቲ) — ረቡዕ ማታ 1፡30

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ግን እኔ መኪናዋን ሳላያት አልፈርድም። መጀመሪያ ልጠይቅሽ።

ጠዋት የውስጥ ማሞቂያውን ስትከፍቺ እግርሽን ያሞቅሻል ወይስ ለብ ያለ ነገር ብቻ ነው የሚነፍሰው?

ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ነው ወይስ የቧንቧ ውሃ?

ካንዴላ መቼ ተፈታ? ቀለሙ ምን ነበር?

ኮምፒውተር እንዳትገዢ። በ31 ዓመት ሥራዬ ለሚኒሞ ብዬ የቀየርኩት ኮምፒውተር ጣት አይሞላም።

ማዶ ነኝ — ረቡዕ ማታ 2፡10

ጋሼ ስለ መለሱልኝ አመሰግናለሁ። ማሞቂያው ለብ ያለ ብቻ ነው። ተበላሽቷል ብዬ ትቼው ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ካንዴላ ባለፈው ወር ተቀይሯል። የወጡት ጥላሸት የመሰሉ ጥቁር ነበሩ። ልጁ «ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው» አለኝ።

ጋሼ ካቻቢቴ — ረቡዕ ማታ 2፡38

በይ ጥሩ። ቅዳሜ ጊዜ ካለሽ ሰው አጠገብሽ አድርጊና እነዚህን ሥሪ። መሣሪያ አይፈልግም።

መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቦኔቱን ክፈቺ። የነዳጅ ካቦውን በጣትሽ ወደ ጎን ግፊው። ትንሽ ላላ ማለት አለበት። እንደ ክራር ክር ከተወጠረ ጥፋቱ እሱ ነው። ምንጣፉም ነዳጅ መስጫውን እንዳልያዘው እዪ። አትሳቂ፣ ለምንጣፍ ብለው ከሰበታ ቃሊቲ ድረስ የመጡ ሰው አውቃለሁ።

ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ ነድተሽ ስትጮህ አቁሚያት። ከአየር ፊልትሮ የሚመጣውን ትልቁን ጎማ ከትሮትል ቦዲው ላይ አውልቂ። አፉን በመዳፍሽ ሙሉ በሙሉ ድፈኚው። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሌላ የአየር ቀዳዳ የለም ማለት ነው፣ የቫኪዩም ጎማውን ተይው። ካልጠፋ ግን በጎን አየር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፣ እሱን እንፈልጋለን።

ከጠፋ መልሰሽ አስነሺ። አፉ ውስጥ፣ ከክዳኑ በፊት፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ታያለሽ። እሷን ብቻ በጣትሽ ድፈኚ። ሚኒሞው ከወረደ ትርፉ አየር የሚገባው በሚኒሞ ቫልቩ ነው።

ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም እጅጌ ከቺንጋው ይራቅ። ቤንዚንም ሆነ ካርቡራተር ማጽጃ እየረጨሽ ስንጥቅ እንዳትፈልጊ። ጎረምሶቹ ያደርጉታል። አንድ ቀን ጋራዥ ሲቃጠል አይቻለሁ።

አባ ዶልፊን (ሰበታ) — ሐሙስ ጠዋት 12፡50

ጋሼ፣ የኔ ዶልፊን (ሚኒባሷ) ናፍጣ ናት፣ እሷም ትጮሃለች። በመዳፌ ልድፈናት?

ጋሼ ካቻቢቴ — ሐሙስ ጠዋት 1፡05

አይሆንም! ናፍጣ በአየር ክዳን አይደለም የሚገዛው፣ በፖምፓው ነው። እጅህንም ይጎትተዋል። ዳሽቦርዱ ሥር የምትዞር የሚኒሞ ቁልፍ አለች፣ ረዳትህ ነክቷት እንዳይሆን እያት። ካልሆነ ሌላ ክር ክፈት፣ የልጅቷን አናበላሽባት።

አባ ዶልፊን — ሐሙስ ጠዋት 1፡20

ነክቷት ነው። 🙏

ማዶ ነኝ — ቅዳሜ ከሰዓት 9፡40

እሺ፣ ሪፖርት። ታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የሠራነው።

ካቦው ላላ ያለ ነው። ምንጣፉም ደህና ነው (አይቻለሁ ጋሼ)። ጫንጮ መንገድ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ነድተናት መጣን። 1,700። ጎማውን አወለቅን። አፉን ስደፍነው እጄን ሳብ አደረገውና ሞተሩ እንደተነፈሰ ፊኛ ጭጭ ብሎ ጠፋ። እንዴት እንዳስደነገጠኝ! ወንድሜ ሳቀብኝ። ከዚያ ትንሿን ቀዳዳ በጣቴ ስደፍናት ቀስቷ ወርዳ 800 ላይ ቆመች። ጣቴን ሳነሳ ወደ ላይ። ስደፍን ወደ ታች። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ደስ ስላለኝ።

ታዲያ የሚኒሞ ቫልቩ ነው አይደል የተበላሸው? ልግዛ?

ፈጣኑ — ቅዳሜ ከሰዓት 9፡52

ግዢ በቃ። ተገኘ።

ጋሼ ካቻቢቴ — ቅዳሜ ከሰዓት 10፡15

ምንም እንዳትገዢ። ቫልቩ በሩን ከፍቶታል። ግን ማን ክፈት አለው?

ሞተሩን አሁን አስነሺ። ከትሮትል ቦዲው ሥር የሚገቡ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን የውሃ ጎማዎች አሉ። ከራዲያተሩ ላይኛ ትልቅ ጎማ ጋር አንድ ላይ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊያቸው። ምን ያህል እንደሚሞቁ ንገሪኝ።

ማዶ ነኝ — ቅዳሜ ከሰዓት 10፡31

ለብ ይላሉ። ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ በሉት። ይዤ ቆሜ ማውራት እችላለሁ።

ጋሼ ካቻቢቴ — ቅዳሜ ከሰዓት 10፡36

ሃያ አምስት ደቂቃ የተነዳ ሞተር ላይ ያንን ጎማ ይዘሽ ልታወሪ አይገባም። እጅሽን ሊያቃጥልሽ ነበር የሚገባው።

ልጄ፣ «ተመስገን ቀስቷ ንቅንቅ አትልም» ብለሽ የጻፍሽው ነው ችግሩ። ሞተርሽ ሞቆ አያውቅም። ኮምፒውተሩ «ገና ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው» ብሎ አየርና ነዳጅ ይጨምራል። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ካንዴላ ያጠቆረውም እሱ ነው፣ ነዳጅ የሚጠጣውም እሱ ነው፣ ማሞቂያሽም በዚያው ነው የማይሠራው። ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን በር፣ አንድ ሰው አውጥቶታል። ወይ ክፍቱን ደርቋል።

መጨናነቅ ውስጥ ስትቆሚ ደግሞ ነፋስ የለም፣ ቀስ ብላ ትሞቃለች፣ ሚኒሞውም ይወርዳል። የጋራዡ ልጅ ብሎኑን ያጠበቀው ሞተሩ ብርድ ላይ ሆኖ ነው። ሲሞቅ አየር አነሳትና ጠፋችብሽ።

ቴስተር — ቅዳሜ ማታ 1፡00

ጋሼ ልጨምር። ቀስቷን ብቻ አትመኚ። ለዳሽቦርዱ የሚያሳየው አንድ ሽቦ ያለው የሙቀት ሴንሰር ሌላ ነው፣ ለኮምፒውተሩ የሚያወራው ሁለት ሽቦ ያለው ሌላ ነው። አንዱ ተበላሽቶ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ሶኬቱን ነቅለሽ ባለ ሁለት ሽቦውን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኪው። በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ነው። ውሃው ግሎ ሴንሰሩ አሁንም 2 ኪሎ ካለ የዋሸው ሴንሰሩ ነው፣ ቴርሞስታቱ አይደለም።

ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ካለም እዪው። ቦኔት ውስጥ ያለችውን ጥቁር ሳጥን ክፈቺ። ክዳኗ ላይ የቀዳዳዎቹ ስም አለ። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኚ። ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኪ፣ በተለይ የባትሪ መስመሩን። ቁልፉን ክፈቺ፣ አታስነሺ። ቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭታ ይቆጥርልሻል። ሁለት ብልጭታ፣ ትንሽ እረፍት፣ ሁለት ብልጭታ ካለ 22 ነው፣ የሙቀት ሴንሰሩ። ሳይቋረጥ እኩል እኩል ካበራ ኮድ የለም።

ማዶ ነኝ — እሑድ ጠዋት 4፡20

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለካን። ወንድሜ ቴስተር ከጎረቤት ተዋሰ። ኮድ የለም፣ እኩል እኩል ነው ያበራው። ከነዳናት በኋላ ሴንሰሩ 0.7 አለ።

ቴስተር — እሑድ ጠዋት 4፡34

0.7 ማለት ውሃው ሃምሳ ምናምን ዲግሪ ላይ ነው ማለት ነው። እጅሽም ለብ ነው ብሏል። ተስማሙ። ሴንሰሩ እውነት ነው የተናገረው። ኮድ ያላወጣውም ለዚያ ነው፤ ኮምፒውተሩ በብርድ ብቻ ኮድ አያወጣም። ጋሼ ትክክል ናቸው።

ፈጣኑ — እሑድ ጠዋት 4፡50

ቆይ ግን ሐበሻ ሁሉ ቴርሞስታት ያስወጣ የለም እንዴ? የኔንም አውጥተዋታል። «ለቀዝቃዛ አገር ነው፣ እዚህ አያስፈልግም» ነው ያሉኝ። ዳገት ላይ ከምትፈላብኝ ብትጮህ ይሻለኛል።

ጋሼ ካቻቢቴ — እሑድ ከሰዓት 8፡10

ፈጣኑ፣ ሱሉልታ ጠዋት ቀዝቃዛ አገር ካልሆነ የት ነው ቀዝቃዛ አገር?

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 የሚፈላው ሱሉልታ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ አዲስ አበባም በ92 ገደማ። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማ) ያለቀበት መኪና እንጦጦን ሲወጣ ይፈላል። መካኒኩ ክዳኑን በመቀየር ፋንታ ቴርሞስታቱን ያወጣል። ለጊዜው ያስታግሳል። ደንበኛውም ይመርቀዋል።

ክዳኑ ደህና ሲሆን ግን ውስጡን አፍኖ ይይዘዋል፣ ከ110 በላይ ካልሆነ አይፈላም። ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ የሚፈላበት ሙቀት ይበልጥ ከፍ ይላል። ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ ነው፣ የራዲያተር ንጽህና ነው፣ ቬንቲሌተር ነው። ቴርሞስታት በ82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ዳገቱ ላይ ስትደርስ እሱ ከተከፈተ ቆይቷል።

ብርድ ላይ የሚሮጥ ሞተር ደግሞ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲሊንደሩን ያጥበዋል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ፒስቶንና ፋሻው (ቀለበቱ) ያልቃል። ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ቤንዚን ለዘይት መቀላቀል ቅንጦት ነው።

ልጄ፣ አዲስ ቴርሞስታት ግዢ፣ 82 የሚል የተጻፈበት። ጎሚኒውን አብረሽ ግዢ። የራዲያተር ክዳንም ቀይሪ። ሲገጠም ትንሿ መርፌ ያለባት ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፣ አየር በሷ ነው የሚወጣው። ከመግጠምሽ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለሽ ቀቅያት። ስትከፈት ታያለሽ። ሙሉ በሙሉ ላትከፈት ትችላለች፣ አትደንግጪ። የፋብሪካው መጽሐፍ በ95 ዲግሪ 8 ሚሊ ትክፈት ይላል። ሱሉልታ ላይ ያለ ድስት ግን 95 አይደርስም።

የለገጣፎ ቪትዝ — እሑድ ከሰዓት 8፡25

ድስቱ ገደለኝ 😂 ሽሮ ለምን እንደሚዘገይብኝ አሁን ገባኝ።

ማዶ ነኝ — ሐሙስ ማታ 2፡45

ተገጠመ!

በመጀመሪያ ቀቀልኳት። እናቴ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ። ቴርሞስታት ነው ስላት ድስቱን አምጪ ብላ ተቆጣችኝ። ከመፍላቱ በፊት ክፍት ስትል ግን እሷም ጎንበስ ብላ አየች።

መካኒኩ የቴርሞስታቱን ቤት ሲፈታው ባዶ። ምንም የለም። ጋሼ እንዳሉት። ራዲያተሩን አጠብን፣ ኩላንት ሞላን። አየሩ እስኪወጣ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገን፣ ክዳኑን ከፍተን፣ ከብርድ ጀምረን አስነሳናት።

ዛሬ ጠዋት 1,500 ላይ ተነሳች። ወደ እንጦጦ አጋማሽ ሳልደርስ ቀስቷ መሃል ገባች። ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ቦታ አይቻት ስለማላውቅ ልቤ ድው አለ። መንገድ ዳር ላቆም ነበር። ግን እዚያው መሃል ላይ ቆመች፣ ዳገቱ አልቆም አልተነቃነቀችም። አዲሱ ገበያ ስደርስ ሚኒሞ 1,000። ማሞቂያውም እግሬን አቃጠለኝ።

ለምን 800 አልሆነችም ጋሼ?

ጋሼ ካቻቢቴ — ሐሙስ ማታ 3፡02

እሰይ። ብሎኑ ነው። ልጁ አጠበቀ፣ ኋላ አላላ፤ በግምት ነው የመለሰው። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ቬንቲሌተሩ አንዴ ተነስቶ ሲጠፋ፣ ቲኢ1ን ከኢ1 ጋር አገናኙ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቫልቩን ይተወዋል። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ማሞቂያ ሁሉ ጠፍቶ በአየር ብሎኑ 800 ላይ አቁሙት። የአየር ክዳኑን ማቆሚያ ብሎን እንዳይነካ ለመካኒኩ ንገሪው። ሌላ ነው፣ ከፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣ ነው።

ማዶ ነኝ — ቅዳሜ ጠዋት 5፡10

800። መብራት ላይ ስቆም ጠፋች እንዴ ብዬ ቁልፉን ልነካ እደርሳለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቴስተር አንተም።

ትናንት ማታ አጎቴን ጠየቅኩት። «ቴርሞስታቷን ማን አወጣት?» አልኩት። «እኔ ነኛ! እንጦጦን ስትወጣ እንዳትፈላ ብዬ። በመጀመሪያው ቀን ነው ያስወጣኋት» አለኝ፣ ኮራ ብሎ። የራሱንም ፒካፕ አስወጥቶላታል።

ጋሼ ካቻቢቴ — ቅዳሜ ጠዋት 5፡22

የፒካፑ ሚኒሞ ስንት ነው?

ማዶ ነኝ — ቅዳሜ ጠዋት 5፡25

1,500። እሱ ግን «ጉልበታም ስለሆነች ነው» ይላል።